የካልደኮት ሜዳልያ ስላገኙት የሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት

በአሜሪካ አገር ለሕፃናት ከሚታተሙት የሥዕል መጻሕፍት መካከል አንዳንዶቹ በሽፋናቸው ላይ የወርቅ መልክ ያለው ክብ ማኅተም ተለጥፎባቸው ይታያሉ። በማኅተሙም ላይ ፈረሱ አልገታ ብሎት ከፈቃዱ ውጭ የሚጋልብ አንድ ሰው ተቀርጿል። ይህ የካልደኮት ሜዳልያ ምልክት ነው። ሜዳልያውን በየዓመቱ የሚሰጠው የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲሆን፥ የሚቀበለውም ደራሲው ሳይሆን ሠዓሊው ነው፤ ሠዓሊውም የአሜሪካ ዜጋ ወይም በዚያ አገር ነዋሪ እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። አሳቡን ያመነጨው ፍሬደሪክ ሜልቸር ነው፤ ሽልማቱ በ1937 ተቋቁሞ በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ 2025 ድረስ አንድም ዓመት ሳይታጐል 88 መጻሕፍት ተሸልመዋል።

ማኅተም ያለበትን መጽሐፍ የሚገዛ ወላጅ ብዙ ጊዜ ውስጡን አይመረምርም፤ «አዋቂዎች መርጠውታል» ብሎ ለልጁ ይሰጠዋል። ከእኛ ከካህናቱ ወገን ደግሞ ሥዕል የሚገባው ለቅዱሳን ብቻ ነው፥ የእንስሳና የጭራቅ ሥዕል ለሕፃን ምን ይረባዋል የሚሉ አይጠፉም። ሁለቱም ወገን መጽሐፉን ሳይገልጥ ፈርዷል። በአሜሪካ የሚኖሩ የምእመናን ልጆች ግን እነዚህን መጻሕፍት ከትምህርት ቤትና ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሱ ያነቧቸዋል፤ ከመጻሕፍቱም መካከል የኖኅ ታሪክና የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ያለባቸው ይገኛሉ። ስለዚህ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። እኔም ከብዙው ጥቂቱን አንሥቼ በቅኔ ቤት በተማርነው መለኪያ ልመዝነው አስቤአለሁ።

አስቀድሞ ሽልማቱ በስሙ ስለ ተጠራለት ሰው ጥቂት ልናገር። ራንዶልፍ ካልደኮት በ1846 በእንግሊዝ አገር በቼስተር ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የባንክ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ኋላ ግን ያን ትቶ ሥዕልን ሥራው አደረገ፤ ከ1878 ጀምሮም ኤድመንድ ኢቫንስ ከሚባለው ብልህ የቀለም አታሚ ጋራ ሆኖ ለሕፃናት ትንንሽ መጻሕፍት አወጣ። ጤናው ደካማ ነበርና ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ በ1886 በፍሎሪዳ በ39 ዓመቱ ዐረፈ። የዚህ ሰው ብልሃት ምን እንደ ነበረ በአንድ ምሳሌ ይታወቃል። በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት የሚዜም፥ መጨረሻው የሳሕንና የማንኪያ ኩብለላ የሆነ አጭር የጨዋታ ግጥም አለ። ግጥሙ በዚያው ያበቃል፤ ሕፃኑም ይሥቃል። ካልደኮት ግን ግጥሙ ካለቀ በኋላ አንድ ሥዕል ጨመረ፤ በሥሩም አንዲት ቃል አልጻፈም። በሥዕሉ ሳሕኑ ተሰባብሮ ወድቋል፤ ቢላዋና ሹካ፥ ማለት የማንኪያይቱ አባትና እናት፥ ልጃቸውን ይዘው ይወስዷታል። ቃሉ ሠርግ ያስመሰለውን ሥዕሉ ለቅሶ አደረገው።

የቅኔ ተማሪ ይህን ሲያይ ወዲያው የሚገባው ነገር አለ፤ ሰሙ ኩብለላው ነው፥ ወርቁ ሐዘኑ ነው። ይሁን እንጂ ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ባገኙት ነገር ላይ ሁሉ መለጠፍ በዘመናችን ልማድ ስለ ሆነ፥ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ለይቼ መናገር ይገባኛል። ወርቅ በሰም ውስጥ ተሰውሮ ሌላ ነገር የሚናገር እንጂ ሰም የተናገረውን መልሶ የሚናገር አይደለም። ሁለቱ አንድ ነገር ብቻ ከተናገሩ፥ ቃሉ ቢያምር ዜማውም ቢቀና፥ መምህሩ ተማሪውን «ሂድና እንደ ገና ቍጠር» ብሎ ይመልሰዋል። እንዲሁም ሥዕሉ ቃሉ ያለውን ብቻ የሚደግም ከሆነ፥ ያ መጽሐፍ ጌጥ ያለው መጽሐፍ ይባላል እንጂ የሥዕል መጽሐፍ አይባልም። እነዚህ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት እንዲፈጸም እነርሱም በጠባብ ቦታ ይፈጸማሉ፤ ትርፍ ነገርን አይችሉም።

የመጀመሪያው ሜዳልያ የተሰጠው የመጽሐፍ ቅዱስን እንስሳት ለሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ሄለን ዲን ፊሽ ከብሉይና ከሐዲስ እንስሳት የሚነሡባቸውን ክፍሎች በንጉሥ ያዕቆብ ዘመን ከተተረጐመው ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ መረጠች፤ ዶሮቲ ላትሮፕ ሣለች። ለካህን ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሥዕሎቹ በጥቁርና በነጭ የተሠሩ ናቸው፤ ሠዓሊዋ እንስሳትን አጥብቃ የምትወድ ስለ ነበረች ጠጕሩን በየዘለላው፥ ላባውን በየረድፉ ያለ መሰልቸት አውጥታዋለች። እጅዋን አደንቃለሁ። በመለኪያችን ሲመዘን ግን መጽሐፉ ቀላል ሆኖ ይገኛል። ቃሉ አንበሳ ሲል አንበሳ ይታያል፥ ርግብ ሲል ርግብ ይታያል፤ ሥዕሉ በቃሉ አጠገብ እጁን አጣምሮ እንደ ደቀ መዝሙር ቆሟል።

በቅዱስ ቃል ላይ አለመጨመር ትሕትና ነው የሚል ቢነሣ እውነት አለው። ነገር ግን የእኛ አባቶች በተአምረ ማርያም መጻሕፍት ላይ ሲሥሉ፥ ቃሉን ሳይደፍሩ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፤ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ተደፍቶ ሲለምን ይሣላል። ይህ ሰው በተአምሩ ታሪክ ውስጥ የለም። በሥዕሉ ውስጥ መኖሩ ግን ለሚያነበው ሁሉ «ይህ ነገር ስለ ጥንት ሰዎች ብቻ የተነገረ አይደለም፥ አንተም ከዚህ ሥፍራ አለህ» ይለዋል። ላትሮፕ ይህን የመሰለ ቦታ ለሕፃኑ አላዘጋጀችለትም።

በ1945 የተሸለመው የሕፃን ጸሎት መጽሐፍ ነው። ራሔል ፊልድ ለገዛ ልጅዋ የጻፈችውን የመኝታ ጸሎት ኤልሳቤት ኦርተን ጆንስ ሥላዋለች። ለስላሳ ነው፤ ልጅን አረጋግቶ ያስተኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠይቀውም።

በዚያው በመጀመሪያው ዘመን ከተሸለሙት መካከል ግን ማኅተሙ ሊሸፍነው የማይገባ ነውር ያለባቸው ነበሩ። በ1941 የተሸለመው የሮበርት ላውሰን መጽሐፍ የሠዓሊውን አያቶችና ወላጆች ታሪክ ይናገራል፤ በዚያም ስለ አገሩ ቀደምት ባላገሮችና ስለ ጥቁር ባሮች የተናገረውና የሣለው ነገር ንቀት ስላለበት በኋላ እትም ከቃሉ አንዳንዱ ተለወጠ። በ1946 ከተሸለመው ከሞድና ከሚስካ ፒተርሻም የሕፃናት ግጥም መጽሐፍም፥ ጥቁር ሕፃናትን መሣቂያ አድርገው የሚያሳዩት ሥዕሎች በኋላ እትም ወጥተዋል። ቃልን መለወጥ ቀላል ነው፤ ሥዕል ግን አንድ ጊዜ በሕፃን ልብ ከገባ አራሚ አይደርስበትም። በእኛ የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ሙሉ ፊቱን አቅንቶ ይሣላል፤ ከሓዲና ሰይጣን ግን በአንድ ዓይኑ ጐኑን ብቻ ያሳያል። አንድን ሕዝብ በሙሉ ለመሣቂያ የሚሥል ሠዓሊ ሁለት ዓይን ቢያወጣለትም እንኳ በአንድ ዓይን ሥሎታል። ዳኞቹም በዚያን ጊዜ ይህን አላዩም፤ የማኅተም ወርቅነት ዳኛውን ከዘመኑ በላይ አያደርገውም።

ይህ ከሆነ በኋላ በ1963 ሜዳልያውን ያገኘው የኤዝራ ጃክ ኪትስ መጽሐፍ ነው፤ እርሱም በ1962 የታተመው የበረዶ ቀን ታሪክ ነው። ስለ በረዶ ጥቂት ልጨምር። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣሩንም ለስላሳውንም በረዶ ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ግዕዝ ግን በረድ፥ አስሐትያ፥ ሐመዳ እያለ ለያይቶ ያውቀዋል፤ ሦስቱ ሕፃናት በእሳት ውስጥ ሆነው ፍጥረትን ለምስጋና ሲጠሩ አስሐትያንና ሐመዳን አልዘነጉም። ኪትስ የሚነግረን ስለ ሐመዳው ነው። ጴጥሮስ የሚባል ትንሽ ልጅ ቀይ ልብስ ለብሶ በበረዶው ላይ ይሄዳል፥ የእግሩን ዱካ ይመለከታል፥ ለነገ እንዲሆነው ከበረዶው አድበልብሎ በኪሱ ይጨምራል፤ ማታ ግን ኪሱን ቢፈትሽ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ነገሩ ይህን ያህል ነው።

ልጁ ጥቁር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ቃላት ይህን የሚናገር አንድም የለም። ዓይን ለሌለው ሰው መጽሐፉን ቢያነቡለት ልጁ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይፈጽመዋል፤ ሥዕሉን ያየ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያውቃል። ሠዓሊው ራሱ ከፖላንድ ከመጡ አይሁድ በብሩክሊን የተወለደ ሲሆን፥ በ1940 በአንድ መጽሔት የወጣውን የአንድ ጥቁር ሕፃን ፎቶግራፍ ቈርጦ ከ20 ዓመት በላይ ጠብቆ ነበር። ስለ ጥቁር ሕፃን መብት ንግግር ሊጽፍ ይችል ነበር፤ ይህን አላደረገም። ልጁን በበረዶው ላይ አጫወተው፥ በኪሱ ስለ ጠፋው በረዶም አሳዘነው፤ ይህ ብቻ በቃው። እኔ ከ88ቱ መካከል የቅኔውን ሕግ ይህን ያህል በጸጥታ የጠበቀ ሌላ መጽሐፍ ለማግኘት እቸገራለሁ። ጥቁር ልጅ ዋና ባለታሪክ የሆነበት መጽሐፍ ይህን ሜዳልያ ሲያገኝ የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ሽልማቱ ከተጀመረ በ25 ዓመቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

በሚቀጥለው ዓመት በ1964 የተሸለመው የሞሪስ ሴንዳክ መጽሐፍ ነው፤ ካህናት አይተው የሚሸሹትም ይህን ነው፤ ጭራቆች አሉበትና። በወጣበትም ጊዜ በገዛ አገሩ ሕፃናትን ያስፈራል ብለው የነቀፉት ነበሩ። ማክስ የሚባል ልጅ የተኵላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ሲያውክ እናቱ ያለ እራት ወደ መኝታው ትሰደዋለች፤ ክፍሉም ዱር ይሆናል፤ ልጁ በታንኳ ተሻግሮ በጭራቆች ላይ ይነግሣል፤ ኋላም ቤቱን ናፍቆ ይመለሳል። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ሰይጣን እያየን ያደግን ሰዎች፥ ለጥርስና ለጥፍር ሥዕል ይህን ያህል መደንገጥ አይገባንም።

መመልከት የሚገባው ሠዓሊው ገጹን እንዴት እንደ ከፈለው ነው። በመጀመሪያ ሥዕሉ ትንሽ ነው፥ ዙሪያውም ነጭ ወረቀት ነው። የልጁ ቍጣ እየጨመረ ሲሄድ ሥዕሉ እየሰፋ ነጩን ይበላዋል፤ በመጨረሻም ቃሉን ከገጹ ያስወጣዋል፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ገጽ ሙሉ ያለ አንዲት ፊደል ጭራቆቹና ልጁ ሲጨፍሩ ይታያሉ። ተቈጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በቍጣ ጊዜ ለሰው ቃል አይቀረውም። ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቃሉ ይመለሳል። እናቱ በመጽሐፉ ሁሉ በአንድም ሥዕል አትታይም፤ ነገር ግን ተመልሶ በክፍሉ ውስጥ እራቱን ያገኘዋል፤ እራቱም ገና ትኵስ መሆኑ የሚነገረው ሥዕል በሌለበት በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሙቀት አይሣልም። ስለዚህ ሠዓሊው ብሩሹን አስቀምጦ ነገሩን ለቃል ተወለት። ሴንዳክ ስለ ካልደኮት በጻፈው ላይ ቃል የተወውን ሥዕል፥ ሥዕል የተወውን ቃል እንዲናገር ያደረገ እርሱ መሆኑን ያመሰግናል፤ እዚህም የመምህሩን ቤት የተማረ ሰው እንደ ሆነ አስመስክሯል።

ሊዮና ዳያን ዲሎን የሚባሉት ባልና ሚስት በ1976 እና በ1977 ተከታትለው ተሸለሙ፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ወገን ይህን ሜዳልያ በመቀበል ሊዮ የመጀመሪያው ነው። የፊተኛው መጽሐፋቸው ስለ ትንኝ የሚነገር የምዕራብ አፍሪቃ ተረት ነው፤ የኋለኛው ከአሻንቲ እስከ ዙሉ ድረስ 26 የአፍሪቃ ሕዝቦችን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ያሳያል። የዚህኛው የገጽ ማዕዘን ከሰሜን ናይጄርያ ከካኖ በተወሰደ ውስብስብ ቋጠሮ ያጌጠ ነው፤ የእኛን የብራና መጻሕፍት ሐረግ የሚያውቅ ሰው ሲያየው እንደ ዘመድ ይመለከተዋል። ሐረጉን እወድለታለሁ፤ አንድን ሕዝብ ከነቤቱ ከነልብሱ ከነከብቱ በአንድ ገጽ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ፊደል መዝለሉን ግን አልወድለትም። ተመልካቹ የሚያየው ሰውን አይደለም፥ የሙዚየም መስኮትን ነው።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ልናገርበት ወደምወደው ደረስሁ፤ እርሱም በ1978 የተሸለመው የፒተር ስፒር የኖኅ መርከብ ነው። ስፒር በ1927 በአምስተርዳም የተወለደ የሆላንድ ሰው ነው፤ ከባሕር በታች በሆነ ምድር፥ በውኃ ፊት ግድብ እየሠራ ከሚኖር ሕዝብ የወጣ ነውና የጥፋትን ውኃ ለመሣል የሚገባ ሰው ነበር። በመጽሐፉ መግቢያ ከ1586 እስከ 1658 የነበረው የሆላንድ ባለቅኔና የመለኮት ትምህርት ሊቅ ያኮቡስ ሬቪዩስ ስለ ጥፋት ውኃ የጻፈውን ግጥም ራሱ ተርጕሞ አስገብቷል። ከዚያ በኋላ ሥዕል ብቻ ይከተላል፤ ታሪኩ ሁሉ ቃል ሳይጨመርበት ይሄዳል።

የእኛ የትርጓሜ መምህራን ንባቡን ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው የሚጨምሩት፥ ጽሑፉ ዝም ባለበት ቦታ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ስላለ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት የመርከቢቱን ርዝመትና ወርድ ከፍታዋንም በክንድ ለክታ ትነግረናለች፤ በውስጧ የነበረው ሰው ቀኑን እንዴት እንደ ዋለ ግን አትናገርም። ስፒር የሣለው ይህን ነው። ኖኅ ይመግባል፥ ይጠርጋል፥ ፍግ ያወጣል። ጻድቁ ከነመጥረጊያው ይታያል። ይህን ያየ ሰው በመሣቅ አይቀርም፤ ምክንያቱም ጽድቅ በዚያ መርከብ ውስጥ ብዙውን ቀን ይህን ይመስል እንደ ነበረ ያስታውሳል። ሁለት ሆነው የገቡት ጥንቸሎች ሲወጡ ብዙ ሆነዋል፤ ሕፃኑ ይህን ሳይነግሩት ቈጥሮ ያገኘዋል፥ ብዙ ተባዙ የሚለውንም በረከት በጣቱ ይነካዋል።

ነገር ግን በዚህ መጽሐፍ አንድ አስጨናቂ ሥዕል አለ። የመርከቢቱ በር ተዘግቷል፤ ውኃው ይነሣል፤ ወደ መርከቢቱ ያልገቡት እንስሳት በውጭ ቆመው፥ ውኃው እግራቸውን ይዞት ይታያሉ። በሚቀጥለው ሥዕል ምን እንደሚሆን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ብዙ የሕፃናት መጻሕፍት ስለ ኖኅ ሲናገሩ ዝሆንና ቀጭኔ በመስኮት ሲሥቁ ያሳያሉ፤ በውጭ የቀረውን ይተዋሉ፤ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ የጥፋትን ውኃ መታጠቢያ አድርጎታል ማለት ነው። ስፒር ይህን ለማድረግ እንቢ አለ። አንዳንድ እናቶች ይህን ገጽ ቶሎ ገልብጠው እንደሚያልፉ እገምታለሁ። «ኃጢአት የሠራው ሰው ነው፤ ላሚቱ ምን አደረገች?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር ምን ይመለስለታል?

መጽሐፈ ሄኖክን የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ልጆች ግን በዚህ ሥዕል ፊት ከሌሎች ይልቅ መልስ አላቸው። ሄኖክ በሕልም ባየው ራእይ የሰውን ልጆች ታሪክ በከብት አምሳል ተመልክቷል፤ በዚያም ውኃው ሲበዛ መርከቢቱ በላይ ስትንሳፈፍ፥ በሬዎችና ዝሆኖች ግመሎችና አህዮች ግን ወደ ጥልቁ ሲሰጥሙ እያየ፥ ከዚያ ወዲያ ሊያያቸው እንዳልቻለ ይናገራል። ሄኖክ ያያቸው ከብቶች የኖኅ ዘመን ሰዎች አምሳል ናቸው። ስፒር የሰጠሙትን ሰዎች ፊት ለሕፃን ለማሳየት ስላልፈለገ በእንስሳቱ ፊት አሳየው፤ ሄኖክም ያን መከራ በዚያው መንገድ አይቶታል። በሁለት ሺሕ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ በመንፈስ አንዱ በቀለም፥ ለአንድ ከባድ ነገር አንድ ዓይነት መጋረጃ አገኙለት። ላትሮፕም የመርከቢቱን እንስሳት ሥላለች፤ ቃሉን ሁሉ በአጠገቧ ይዛ ሳለ ግን በውጭ የቀሩትን ለማየት አልተመለሰችም። ቃሉን ያስቀረው ስፒር ወደ ቃሉ ጥልቀት ገባ። የመጨረሻው ሥዕሉ ኖኅ ወይን ሲተክል ነው፤ እኛ በመጽሐፈ ኩፋሌ ያ ወይን የተተከለበትን ተራራ ስሙን ሉባር ብለን እናውቀዋለን።

ቃል ስለሌለው መጽሐፍ ካነሣሁ የ2010ሩን የጄሪ ፒንክኒን ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የኤዞፕን የአንበሳና የአይጥ ተረት በምሥራቅ አፍሪቃ በሴሬንጌቲ ሜዳ አድርጎ፥ ከእንስሳት ድምፅ በቀር ቃል ሳይጨምር ሥሎታል። በፊተኛው ሽፋኑ ላይ የመጽሐፉ ስም እንኳ አልተጻፈም፤ የአንበሳው ፊት ብቻ ገጹን ሞልቶት ይታያል። ተረቱን በቃል ሲነግሩት ምክሩ በመጨረሻ እንደ ጭራ ይንጠለጠላል፤ እዚህ ምክር የለም፥ በትልቅ መዳፍ ውስጥ ያለች ትንሽ አይጥ ብቻ አለች።

አሁን የቀረኝ በ1985 የተሸለመው የቅዱስ ጊዮርጊስና የዘንዶው መጽሐፍ ነው። የእኛን አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ይህ ነው፤ ስሙን አይቶ የሰማዕቱ ገድል የሚመስለው ብዙ ሰው ይኖራልና። መጽሐፉ የተቀዳው ከገድል አይደለም። ማርጋሬት ሆጅስ የጻፈችው ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 ከታተመው ረጅም ግጥም አሳጥራ ነው፤ ሥዕሉ የትሪና ሻርት ሃይማን ነው። በጋሻው ቀይ መስቀል ያለበት አንድ ወጣት ፈረሰኛ ኡና የምትባል የንጉሥ ልጅ በነጭ አህያ ተቀምጣ ጠቦት አስከትላ እየመራችው ወደ አባቷ አገር ይሄዳል፤ ከዘንዶው ጋራ ሦስት ቀን ይዋጋል፤ አንድ ጊዜ በምንጭ ውኃ፥ አንድ ጊዜ በዛፍ ሥር ከቍስሉ ይድናል፤ በሦስተኛው ቀን ይገድለዋል።

የሥዕሉን ነገር በቅን ልንገር። እጅግ ያማረ ነው። እያንዳንዱ ገጽ እንደ መስኮት ተከፋፍሎ በዙሪያው የእንግሊዝ አገር አበባና ቅጠል ተሥሏል። የእኛ ጸሐፍት በመጽሐፍ ራስ ላይ ሐረግ እንደሚያወርዱ ሃይማን በገጹ ዙሪያ ሐረግ አውርዳለች፤ የጥንት ብራና መጻሕፍትን አጥብቃ እንደ ተመለከተች ከሥራዋ ይታወቃል። ዘንዶውም የሚፈራ ዘንዶ ነው። ነገር ግን ያ መስኮት ውበቱን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ከለከለኝ፤ ታሪኩ በመስተዋት ማዶ ቀረ። በተአምረ ማርያም መጻሕፍታችን ከሥዕሉ ሥር ተደፍቶ የሚለምነው ሰው ከመስኮቱ ወዲህ አይደለም፥ ወዲያ ነው፤ በሃይማን መጽሐፍ ግን አንባቢው በሩቅ የሌላውን አገር ክብር ይመለከታል። በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ብሩታዊት በዛፍ ላይ ሆና ስትታይ፥ ሰማዕቱም በነጭ ፈረሱ ላይ ሁለት ዓይኑን ወደ እኛ አቅንቶ ዘንዶውን ሲወጋው፥ ሕፃኑ ከሥሩ ቆሞ የሚታየው እርሱ መሆኑን ያውቃል።

ሆጅስንና ሃይማንን ዋሹ አልልም፤ ምንጫቸው ስፔንሰር መሆኑን አልሸሸጉም፥ የስፔንሰርም ፈረሰኛ ለንግሥቱና ለአገሩ የተፈጠረ የእንግሊዝ ጀግና ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ይህን መጽሐፍ ለልጆች ቢያነብላቸው አልቃወምም፤ «ይህ እንግሊዛዊ ባለቅኔ የደረሰው የቀይ መስቀሉ ፈረሰኛ ታሪክ ነው» ብሎ አስቀድሞ ይንገራቸው እንጂ፥ ስለ ሊቀ ሰማዕታት የተጻፈ ነው ብሎ አይስጣቸው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለምና። በገድሉ ዘንዶው ከሞተ በኋላ የቤሩት ሰዎች ያምናሉ፤ ሰማዕቱ ዋጋ ሳይቀበል መንገዱን ይሄዳል፥ መንገዱም ወደ ነገሥታቱ ጉባኤና ወደ መከራው ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን ዘንዶው ሲሞት ድካሙ አልቋል፤ መለከት ይነፋል፥ ኡና መሸፈኛዋን ትገልጣለች፥ ፈረሰኛውም ያገባታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለንግሥቱ የተሳለው የስድስት ዓመት አገልግሎት ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች የተሣለው ሠርግ ነው። ሕፃኑ ገጹን ቢገለብጥ ዱድያኖስን አያገኘውም፤ ሰባቱ የመከራ ዓመታትም፥ ሥጋው ተፈጭቶ የተበተነበት የይድራስ ተራራም፥ ሚያዝያ 23 ቀንም በዚያ የሉም።